የኮኮናቱ ሕግ

ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ቅበላ ማርዲ ግራ ይባላል። የፈረንጆቹ ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከተማዋ በሰልፍ ትጥለቀለቃለች። የሰረገላውን፣ የልብሱንና ለሕዝቡ የሚበተነውን ስጦታ ወጪ የሚሸፍኑት ግን ማኅበራት ናቸው፤ ዋናው ገንዘብ ከአባላት መዋጮ ይመጣል።

ከነዚህ አንዱ ዙሉ ነው፤ የጥቁር ሠራተኞች ማኅበር። አመጣጡን ላየ ሰው ቁጭ የእኛ እድር! በዚያ ዘመን ጥቁሮች ኢንሹራንስ የሚያገኙት በስንት መከራ ስለነበር፣ በየሰፈሩ ትንሽ ትንሽ እያዋጡ የታመመ ይረዱ፣ የሞተ ይቀብሩ ነበር። ዙሉም የወጣው ከዚሁ ልማድ ነው። በ1909 የመጀመሪያው ንጉሣቸው የሞራ ቆርቆሮ ዘውድ ደፍቶ፣ የሙዝ ግንድ በትር ይዞ ወጣ። የሀብታሞቹ ንጉሥ ሬክስ በጌጥ ሲያብረቀርቅ፣ እነዚህ ባላቸው ቀለዱበት። ማኅበሩ በ1916 በሕግ ተመዘገበ።

ስጦታውም በአቅም ነው። የመስታወት ዶቃ ውድ ስለነበር ገበያ ወርደው ርካሹን ኮኮናት ገዙ። ለረጅም ጊዜ ሰልፉ ቋሚ መንገድ አልነበረውም፤ ገንዘብ የረዳው መጠጥ ቤት በር ላይ እየቆመ ይጠጣል፣ ሕዝቡም ተከትሎ ይገባል። ስፖንሰርሺፕ ማለት ይኸው ነው፣ ያለ ሎጎ።

በ1960ዎቹ ግን ነገሩ ከፋ። የመብት ታጋዮች ፊት በጥቁር ቀለም መቀባቱንና የሣር ቀሚሱን ውርደት ነው ብለው ተቃወሙ (እኔም ብሆን እቃወም ነበር፤ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም)። አባላቱ ከ20 በታች ወረዱ። መዋጮ ለሚበላ ማኅበር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የእድር ገንዘብ ያዥ ይንገራችሁ።

ከዚያ አገገሙና ሌላ ጣጣ መጣ። ኮኮናት ጭንቅላት ላይ ሲያርፍ ቀልድ አይደለም። የተጎዱ ሰዎች ከሰሱ፤ በ1987 ማኅበሩ ኢንሹራንሱን ማሳደስ አቃተው። ኢንሹራንስ ላጡ ሰዎች መድረሻ ከነበረ ልማድ የወጣ ማኅበር ራሱ ኢንሹራንስ አጣ። ኮኮናት መወርወሩም ቆመ።

መፍትሔው የመጣው ከሉዊዚያና ምክር ቤት ነው። በኋላ ገዥው ስለ ኮኮናት የሚናገር ሕግ ፈረሙ፤ ከሰረገላ ላይ በእጅ በተሰጠ ኮኮናት ለሚደርስ ጉዳት ማኅበሩ እንዳይጠየቅ የሚያደርግ። እኛ ኮድ ስንጽፍ ኤክሴፕሽን የምንላት ዓይነት መስመር ናት። የምትሸፍነው ግን በእጅ የተሰጠውን ነው። ስለዚህ አሁን የዙሉ አባል ከሰረገላው ጎንበስ ብሎ፣ ያሸበረቀውን ኮኮናት እጅ በእጅ ያቀብላል።