ተማሪው መምህር ሲሆን

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ብልባላ ትገኛለች። የአካባቢው ትውፊት ከአፄ ካሌብ ዘመን ጋር የሚያያይዛቸው የብልባላ ጊዮርጊስና የብልባላ ቂርቆስ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እዚያ ናቸው። ጊዮርጊስ በግድግዳው ውስጥ በሚኖሩት ንቦችና ለሕሙማን በሚታደለው ማር፣ ቂርቆስ ደግሞ በጥንታዊ ሥዕሎቹ ይታወቃል። መንገደኛ የሚደነቀው በአለቱ ነው፤ ማን ጠረበው፣ በምን ጠረበው እያለ ይጠይቃል። ከአለቱ ይልቅ የሚገርመው ግን ማኅሌቱ ነው። አለት አንዴ ከተፈለፈለ ቆሞ ይኖራል፤ ዜማ ግን እያንዳንዱ ትውልድ እንደ አዲስ ካልተማረው የለም። ብልባላ የምትገኝበት ላስታ ይህን ሁሉ ዘመን ዜመኛ ያላጣው እንዴት ነው?

ጥያቄው የቤተ ክህነት ብቻ አይደለም። በየከተማው ወጣቶች ተሰባስበው ቴአትር፣ ሙዚቃ፣ ሥዕል ወይም ሰርከስ ይጀምራሉ። አንድ ረጂ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ገንዘብ ይመድባል፤ በዓል ሲመጣ ይጨፈራል፣ ፎቶ ይነሣል። በጀቱ ሲያልቅ ከበሮው ዕቃ ቤት ይገባል፣ ልጆቹም ይበተናሉ። ጥቂቶቹ ግን ስም ያለው ቤት ይሆናሉ። በታሪካችን የሁለቱም ዓይነት ስላለ፣ የሚለያቸውን ነገር መፈለግ አይቸግርም።

ከላስታ ጎረቤት ከዋድላ እንጀምር። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ የቅኔ አገር ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ቁራሽ ይለምናል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና ሁልጊዜ አዲስ መቁጠር አለበት። ትልቁ ነገር ግን ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ቀደም ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናል፤ ስለዚህ መማርና ማስተማር የሚጀመሩት ጎን ለጎን ነው። አስመስክሮ የወጣውም ሌላ አገር ሄዶ ወንበር ይዘረጋል። ቀለቡን የሚሰጠው አንድ ባለጸጋ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ስለሆነ፣ አንዱ በር ቢዘጋ ጉባኤው አይፈታም። የኔታ ቢያርፉም ወንበሩ ተተኪ አያጣም።

ዓለማዊው ጥበብ ይህን መንገድ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ሊወርረን ሲያሰፈስፍ፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። የተቋቋመው ቴአትር ለማሳየት አልነበረም። ሕዝቡ ነጻነቱን እንዲጠብቅ በአደባባይ ንግግር ለመቀስቀስ ነበር። ሕዝብ ግን ንግግር ብቻ አይበቃውም፤ በንግግሩ መካከል አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ገባ። በዓመቱ ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ማኅበሩ ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. እንደገና ሲቋቋም ሙዚቃውና ተውኔቱ ከማጀቢያነት ወጥተው ዋናው ሥራ ሆኑ።

ሀገር ፍቅርን ተቋም ያደረገው ግን አዳራሹ ብቻ አይደለም። የዘመናዊ ሙዚቃም ሆነ የትወና ትምህርት ቤት ባልነበረበት ጊዜ ሥራው ራሱ ትምህርት ቤት ሆነ። ኢዮኤል ዮሐንስ ይጽፋል፣ ዜማ ይደርሳል፣ ያለማምዳል፤ ከሥሩ ያሉት እያዩ ይማራሉ። ቡድኑ ወሊሶ በሄደ ጊዜ በዚያ ይማር የነበረ አንድ ልጅ አየው፤ ልቡም ተከትሎት ሸፈተ። ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ በሀገር ፍቅር መድረክ ላይ ቆመ፤ ኋላ ወደ ክቡር ዘበኛ የሄደው ጥላሁን ገሠሠ ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ሲከፈትም ከሀገር ፍቅር መድረክ ያደጉ ሰዎች ወደዚያ ተሻግረዋል። ቤቱ ሰው ሲወጣበት አልጎደለም፤ የወጡት ስሙን ይዘውለት ሄዱ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የመጣው የኪነት ዘመን ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳየናል። በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው፣ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። በወሎ፣ ደሴ ላይ፣ የላሊበላን ስም የተሸከመው የወሎ ላሊበላ ኪነት ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ይዞ አምባሰልን ለአገር ሁሉ አሰማ። በዚያ ዘመን እንደነበረው ብዛት መድረክ የወጣ የገበሬና የሠራተኛ ልጅ ከዚያ በፊት አልታየም። ነገር ግን የአብዛኞቹ ቡድኖች ሕልውና በሥርዓቱ እጅ ነበር፤ ግጥሙን የሚያጸድቅ፣ ልብሱን የሚያሰፋ፣ መኪናውን የሚመድብ እርሱ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ አብዛኞቹ የቀበሌ ኪነቶች አብረው ተበተኑ። ከዚያ የተረፈው የግለሰቦች ችሎታ ነው።

ወደ ዘመናችን የሚቀርበው ታሪክ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ መጥቶ ከመቶ የሚበልጡ የጎዳና ልጆችን በካርሚና ቡራና ሙዚቃ አስደነሰ። አስተናጋጁ መንታ የወለዱ ድሃ ቤተሰቦችን የሚረዳው ጄሚኒ ትረስት ነበር። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የተለመደው ነው፤ የውጭ ሰው መጣ፣ አስደናቂ ትርኢት አሳየ፣ ሄደ ተብሎ ሊያልቅ ይችል ነበር። ያልተለመደው ከትርኢቱ በኋላ የሆነው ነው። አሥራ ስምንት ወጣቶች ተመርጠው አምስት ዓመት የሚፈጅ የዳንስ ሥልጠና ጀመሩ። ያጠኑት መደነስን ብቻ ሳይሆን ማስተማርንም ጭምር ነበር። እነሱ በተራቸው ወደ ጎዳና ልጆች፣ ወደ ሴቶች፣ ወደ አካል ጉዳተኞች ሄዱ።

ከአሥራ ስምንቱ መካከል ጁናይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ይገኙበታል። ጁናይድ በ2004 እ.ኤ.አ. በሮሌክስ የጥበብ ድጋፍ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ሊሠራ ተመረጠ። በ2009 እ.ኤ.አ. ሁለቱም በለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ «ዴስቲኖ» በተባለው ሥራ ቀረቡ። በዝናቸው ውጭ አገር ሊቀሩ በቻሉ ነበር። እነሱ ግን አዲስ አበባ ላይ በዚያው ስም የዳንስ ቡድን መሥርተው ወጣቶችን፣ አካል ጉዳተኞችንም ጨምሮ፣ ማሠልጠን ያዙ። በዋድላ ቋንቋ ብንናገር ወንበር ዘረጉ ማለት ነው። የጎዳና ልጅ ሆኖ ወደ ልምምድ አዳራሽ የገባው ተማሪ የኔታ ሆነ።

እንግዲህ ወደ ብልባላ እንመለስ። ለጥበብ የሚሆን ነገር እዚህ አልጠፋም፤ የቂርቆስ ሥዕል፣ የካህናቱ ሽብሸባ፣ የላስታ እስክስታ አለ። ኮቪድና የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላን ጎብኚ ባሳጡባቸው ዓመታት በአንድ ገቢ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያስከትል አካባቢው አይቶታል። በሌላ በኩል፣ በዋድላ አጠገብ በመቄት የገበሬ ማኅበረሰቦች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ቴስፋ በተባለው የቱሪዝም ሥራ የእንግዳ ማረፊያዎችን ራሳቸው ሲያስተዳድሩ ቆይተዋል። ስለዚህ ጎረቤቱ የላስታ ገበሬም ሒሳብ ለመያዝና የጋራ ቤት ለማስተዳደር የሚያንሰው ነገር የለም።

ነገ አንድ ድርጅት ወደ ብልባላ መጥቶ ለወጣቶች የሥዕል ወይም የሙዚቃ ፕሮጀክት ላምጣ ቢል፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ቀለሙና ስለ ድምፅ ማጉያው ብዛት ባይጠይቁ ይሻላል። ስንት ልጅ ይታቀፋል የሚለውም ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት በአምስተኛው ዓመት የሚያስተምረው ማን ነው፣ ወጪውንስ ማን ይፈርማል የሚለው ነው። መልሱ የብልባላ ልጆች ካልሆነ፣ የመጣው ትርኢት ነው። ትርኢት መልካም ነገር ነው፤ ቢሆንም ተቋም ብሎ መጥራት አይገባም።