ሁለት ገጽ በአንድ ጠረጴዛ

ወልድያ ውስጥ የሚኖር አንድ የታሪክ ወዳጅ የሚጽፍበትን ጠረጴዛ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። መሀል ላይ ላፕቶፕ ተከፍቷል። ከጎኑ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዘ ሰፊ ሞኒተር ቆሟል። ኪቦርድና ማውስ በዩኤስቢ ተሰክተዋል፤ ጥጉን ፕሪንተር ይዞታል፤ ከሥር ደግሞ የሁሉንም የመብራት ገመድ የሰበሰበ ማከፋፈያ ተጋድሟል። እንግዳ ሰው ቢያየው «ለአንድ ጸሐፊ ይህ ሁሉ ኮተት ምን ያደርግለታል?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከኮምፒውተር ነጋዴ ይልቅ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ብንፈልገው ይሻላል ባይ ነኝ።

በዚያ መንገድ መርሳንና ውጫሌን ያለፈ ሰው ሐይቅ ይደርሳል። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የትምህርትና የመጻሕፍት ማእከል ያደረጉት አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ጠረጴዛ አያውቅም። ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ብራናውን በጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ብርዑን ከመቃ ይቀርጻል። ጥቁሩና ቀዩ ቀለም በየቀንዳቸው ሆነው አጠገቡ ይቆማሉ። በወስፌ የተወጋው ነጥብና ከነጥብ ወደ ነጥብ የተሰመረው መስመር እጁን ይመራዋል። ከፊቱ ደግሞ የሚቀዳው መጽሐፍ፣ ማለትም አብነቱ፣ ተዘርግቷል። ዐይኑ ከአብነቱ ወደ ብራናው፣ ከብራናው ወደ አብነቱ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል።

ስሕተትም የሚወለደው በዚህ ምልልስ መካከል ነው። ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቁ ዐይን ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ይዘልና በመካከል ያለው ነገር ሳይጻፍ ይቀራል። የብራና መጻሕፍትን ያገላበጠ ሰው በመስመር መካከል በደቃቅ ፊደል የገባውን፣ ወይም በኅዳግ የተጻፈውን ማረሚያ ያውቀዋል። አንድ ሰው ከአብነቱ ጋር እንደገና አመሳክሮ፣ የተዘለለውን አግኝቶ ወደ ቦታው መልሶታል። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ለጽሑፉ ታማኝነት ዋስ የሆነው ይህ ነው፤ የሚነበበውና የሚጻፈው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ዐይን ፊት መሆናቸው።

ከሐይቅ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሰን ውጫሌ ላይ ብንቆም፣ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ሳይነበብ ሲቀር ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ እናገኛለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በጣሊያኑ መልእክተኛ በፒዬትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ የተጻፈ ነበር። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት በኩል መላላክ እንደሚችሉ ይናገራል። ጣሊያን ግን የራሷን ቋንቋ ቅጂ ይዛ «ግዴታቸው ነው፣ ስለዚህ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ ለዓለም አስታወቀች። የልዩነቱ ክብደት ለምኒልክ የተገለጠላቸው በ1882 ዓ.ም. ከአውሮፓ ነገሥታት የመጣውን የደብዳቤ መልስ ሲያነቡ ነው። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የደረሰው ይናገራል። ልዩነቱ ከማን እጅ ወጣ በሚለው ላይ ስቬን ሩቤንሰንና ካርሎ ጂግሊዮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጽሑፍ ተከራክረዋል። ሁለቱም ሊከራከሩ የቻሉት ሁለቱን ጽሑፍ ቃል በቃል አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው ነው።

(ምኒልክ ሁለት ሞኒተር ቢኖራቸው ኖሮ ለማለት አይደለም። ሁለት ገጽ ተዘርግቶም ሁለቱን ቋንቋ የሚያነብ ታማኝ ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም።)

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ብራናን ተከትሎ የመጣው የጽሕፈት መኪና ለፊደላችን ጨካኝ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ ለላቲን የተሠራውን መኪና ከግዕዝ ፊደል ጋር ለማስታረቅ ብዙ ደክመዋል። ከ200 በላይ የሆነውን ፊደል በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማስቀመጥ ሆሄው መቆራረጥና ቅጥያው እየተለጠፈ መመታት ነበረበት። በውጤቱም የፊደሉ መልክ ተጎዳ። ኮምፒውተር ሲመጣ መልኩ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ባለሙያዎች የግዕዝን ፊደል በስክሪን ላይ አስነበቡ። ሆኖም እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። በፍላሽ የተሸከሙትን ግጥም ማተሚያ ቤት ሲከፍቱት የባዕድ ፊደል ዝርክርክ ሆኖ ያገኙት ሰዎች ብዙ ናቸው። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ምልክቶችን ተቀበለ። ዊንዶውስ ቪስታም እ.ኤ.አ. በ2007 «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ።

ስለዚህም ዛሬ በላፕቶፑ ላይ የሚሰካው ኪቦርድ የላቲን ፊደል የታተመበት መሆኑ ሊያሳስበን አይገባም። ኪቦርድ የሚልከው የተነካውን ቁልፍ መለያ ቁጥር ነው፤ «ሀ»ን አያውቃትም። ፊደሉ የሚወለደው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ከማንኛውም ሱቅ የተገዛ ርካሽ ኪቦርድ ከነቅኔው ያጽፋል።

የገመዶቹም ታሪክ ቢሆን አጭር ነው። ቀድሞ ፕሪንተሩ በሰፊው፣ ኪቦርዱ በክቡ፣ ሞኒተሩ እ.ኤ.አ. በ1987 በመጣው ቪጂኤ ይሰካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዩኤስቢ አብዛኛዎቹን ሰበሰባቸው። ብዙ ሞኒተር በአንድ ኮምፒውተር ማሠራት በማኪንቶሽ ሁለት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ይቻል ነበር፤ ለተራው የዊንዶውስ ተጠቃሚ የደረሰው በዊንዶውስ 98 ነው። ዛሬ ትንሹ የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ምስልን፣ መረጃንና የመብራት ኃይልን በአንድነት ሊያሳልፍ ይችላል። ሊያሳልፍ ይችላል ማለቴን ልብ ይሏል፤ በመልክ አንድ የሆኑት ቀዳዳዎች ሁሉ ምስል አያስተላልፉም፤ ማገናኛውን ከመግዛት በፊት የላፕቶፑን መግለጫ ማየት ገንዘብ ያድናል።

የሚያስገርመኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ሞኒተር ካገናኘ በኋላ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ገጽ እያየ ይቀመጣል። ይህ አንድን አብነት ሁለት ጊዜ ዘርግቶ ብራናውን እንደ መርሳት ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና «ፒ»ን አንድ ላይ ተጭኖ ከማባዛት ወደ ማስፋት መለወጥ ይበቃል፤ ያን ጊዜ አንዱ የሚነበብበት፣ ሌላው የሚጻፍበት ይሆናል።

የሚነበበውስ? እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም ተነሥቶ 1832 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ፊልሞቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ባለው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ፤ ብዙዎቹን በካታሎግ የዘረዘሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ (1923–2013 ዓ.ም.) ናቸው። ፊልሞቹ ወደ ዲጂታል ምስል እየተለወጡ በኢንተርኔት ቀርበዋል። እነሆ የሐይቅ ብራና ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ በሌላ መንገድ ዞሮ፣ ወልድያ ባለ ሞኒተር ላይ በግራ በኩል ይቆማል። በቀኝ ባለው ላፕቶፕ ላይ ጸሐፊው እየገለበጠ ይተይባል። ዐይኑም እንደ ቀድሞው ይመላለሳል፤ እንደ ቀድሞውም በሁለት ተመሳሳይ ቃል መካከል ይዘላል።

መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩ ወዲያው ይጨልማል፤ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ይቆያል። አብነቱ ይሰወርና ቅጂው ብቻውን ይቀራል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ በነበረችበት ጊዜ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ስለነበር ባትሪውም የሚሞላበት አልነበረም። በአዘቦቱ ቀን ግን ጨለማው የሰዓታት ነው። ጸሐፊው የጀመረውን መስመር ከትዝታው ለመጨረስ እጁ ያሳክከዋል። የለመደው ሰው ግን የቆመበትን ቃል በቀይ ቀለም ምልክት ያደርግበትና ላፕቶፑን ዘግቶ መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል።