የዘማች ሚስት ከዐድዋ እስከ ኮሪያ

ዛሬ በሾላ ገበያ በሶና ድርቆሽ የሚሸምት ሰው፣ ይህ ምግብ የሠራዊት ስንቅ እንደ ነበረ ልብ ይል ይሆን?

በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ለዘመተው ጦር ምግብ የምታሰናዳለት ብዙውን ጊዜ የወታደሩ ሚስት ነበረች። ምጣዷን ይዛ ተከተለችው፤ እህል ፈጨች፣ ውሃ ቀዳች፣ ቁስለኛ አስታመመች። እቴጌ ጣይቱም ራሳቸው ዘምተዋል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ያለ እነዚህ ሴቶች ጦሩ ሩቅ ባልተጓዘም ነበር።

በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኮሪያ ሲሻገር ግን ይህ ልማድ ቀረ። ሻለቃው የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ስለ ነበረ ስንቁም ከዚያው ሆነ። ሚስቲቱ ስሙን እንጂ መልኩን ወደማታውቀው አገር ባሏን ሸኝታ በቤቷ ቀረች። በዚያ ጦርነት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ወድቀዋል። የዐድዋዪቱ ሴት ባሏ ቢወድቅ በሰፈሩ ነበረች፤ ይህችኛዪቱ ግን መርዶ ነጋሪ ደጇን እስኪመታ ድረስ ምንም አታውቅም ነበር።