ከባል ቤት እስከ ዳኛ ፊት

የይፋት ቆላ ታሪክ ሲጻፍ የወላስማ ሡልጣኖች፣ የንግድ መንገድና የጦር ሜዳ በሰፊው ይነሣሉ፤ በገዛ ቤቷ የምትደበደብ ሴት ግን በየትኛውም ምዕራፍ አትገኝም። ሆኖም መጠጊያ ፍለጋ የሄደችበት መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው።

ቀድሞ ያ መንገድ ወደ አባቷ ቤት የሚወስድ ነበረ። ባል ሲመታት ሚስት ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቿ ትሄዳለች፤ ባልም ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም ባልን ወቅሰው፣ ዋስ አስጠርተው፣ ሴቲቱን ወደ ቤቷ ይመልሳሉ። ይህን ሥርዓት ፈጽሞ መናቅ አይገባም፤ ዳኛ በራቀበት አገር የባልን ክንድ የሚይዝ እርሱ ነበርና። ነገር ግን የሽማግሌው ጥያቄ ትዳሩ እንዴት ይጠገን የሚል እንጂ ሴቲቱ ምን ተጎዳች የሚል አልነበረም። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» እየተባለ ሲተረት ከኖረ ሸንጎ ከዚህ የበለጠ መጠበቅም ያስቸግራል።

ሸዋ ሮቢት ደግሞ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በር ቁልቁለት በታች፣ በደሴ አውራ ጎዳና ላይ ስለምትገኝ ከደጋም ከሩቅ አገርም ለሥራና ለንግድ የሚመጣባት ብዙ ነው። ዘመዶቿን በሩቅ ትታ ለመጣች ሴት የአባት ቤት ምን ያህል ይረዳታል?

ሕጉም ቢሆን ወደ ጓዳ የገባው በዝግታ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሰውን መምታትንና ማቍሰልን በጠቅላላው ሲቀጣ፣ ስለ ሚስት መደብደብ ለብቻው የተናገረው አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ደነገገ፤ የባልና የሚስትን ጠብም ለሽምግልና ዳኞች ሰጠ። ስለዚህ ሴቲቱ ከሽማግሌ ሸሽታ ወደ ሕግ ብትመጣ ሕጉ መልሶ ከሽማግሌ ፊት ያቆማት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በጋብቻ ውስጥ እኩልነትን አወጀ። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በቀጥታ የጸናው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ስለ ነበረ፣ ሸዋ ሮቢት የአማራ ክልል የራሱን ሕግ እስካወጣበት እስከ 1995 ዓ.ም. መጠበቅ ነበረባት። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት በስሙ ጠርቶ ወንጀል አለው። ይኸው ሕግ ግን አስገድዶ መድፈርን ሲደነግግ «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውን ቃል አልፋቀም፤ ለምን እንደ ተወው ለማስተዋል ያስቸግራል።

በዚያው በ1997 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከየ100ው ሴት 81ዱ ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት የሚያገኝበት ጊዜ አለ ብለው መለሱ፤ ምክንያት የተባሉትም ወጥ ማሳረር፣ ሳይነግሩ ከቤት መውጣትና የመሳሰሉት ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ቍጥሩ ወደ 63 ወረደ። በዚሁ በኋለኛው ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች እርዳታ የፈለጉት ከአራት አንዷ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ያመለከቱት ለጎረቤትና ለቤተ ዘመድ ነው፤ ፖሊስ ዘንድ የደረሱት ጥቂቶች ናቸው። እንግዲህ ሕጉ በወረቀት ላይ ይህን ያህል ተጉዞ ሳለ፣ የተደበደበችውን ሴት አስቀድሞ የሚሰማት ዛሬም ያው የመንደር ሰው ነው። ይህን መጽሔት ከሚያነቡት አስተማሪዎችና ሹሞች መካከልም በዕርቅ ሸንጎ ላይ ለመቀመጥ ያልተጠራ ጥቂት ነው።