በድንኳን ውስጥ የሚጠቀሰው ሕግ፦ የትኛው ሞተ? የትኛው አለ?



ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰው ሰብሰብ ብሎ ካርታ ሲጫወት ወይም ቡናውን ሲጠብቅ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሕግ ላይ ማረፉ አይቀርም። አንዱ «ገንዘቤን የበላውን ሰው ነጠላውን ከነጠላዬ አስሬ ዳኛ ፊት ባቆመው ማን ይከለክለኛል? የምኒልክ ደንብ መቼ ተሻረ?» ይላል። ሌላው «ፍትሐ ነገሥት ዛሬም ይሠራል» ብሎ ይምላል። ሦስተኛው ደግሞ «የሟች ቃል ሕግ ነው፤ ሲያጣጥር በአፉ የተናዘዘውን ማንም አይነካውም» ይላል። ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን ወሬ አምነው ወንድምና እህት አርባው ሳይወጣ ፍርድ ቤት ሲካሰሱ የምናየው ነው። ስለዚህ የትኛው ሕግ እንደ ሞተና የትኛው እንዳለ ለይቶ ማወቅ ለእኛ ለቀባሪዎች ጉዳያችን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሞቱት እናውሳ። ቁራኛ የሚባለው ሥርዓት በእርግጥ ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ ዋስ ካልተገኘ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቆራኝተው አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ወህኒ ቤት በየቦታው በሌለበት አገር ተከሳሹ እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ከሳሹ ራሱ ነው። ልማዱ ዛሬ የለም፤ ቃሉ ግን «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንል ከአፋችን አልወጣም።

ሌባ ሻይም እንዲሁ ነበረ። ዕቃ ሲጠፋ፣ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ሲስት፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ በመንደሩ ይለቀቃል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ዕቃ ይከፍል ነበር። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚህ እንደ ተበደለ መገመት አያስቸግርም። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ደግሞ የአገሩን ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ከዚያ እንዳይለይ የሚያደርግ ነበር። የቀረ ይቀጣል።

ፍትሐ ነገሥት ከእነዚህ ልማዶች የተለየ መጽሐፍ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር፣ ኢብን አል አሳል በተባለ የቅብጥ ክርስቲያን ሊቅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ፣ በኋላ ወደ ግዕዝ ተተረጐመ። በመንፈሳዊና በሥጋዊ ክፍል የተመደቡ 51 አንቀጾች አሉት። በአገራችን ለብዙ ዘመን ሲፈረድበት ኖሯል። በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ዛሬም ክብሩ አልጐደለም። የመንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ ግን በእርሱ ውርስ አያካፍልም።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ መቼ ተሻሩ? ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ስድስት ትላልቅ የሕግ መጻሕፍት ወጡ። የወንጀለኛ መቅጫው በ1949፣ የፍትሐ ብሔር፣ የንግድና የባሕር ሕጎች በ1952፣ የወንጀለኛ ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. ማለት ነው። የፍትሐ ብሔሩን ረቂቅ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ ሕጉ የጸናው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። በቁጥር 3347 ላይ፣ ሕጉ ራሱ ለይቶ ካላስቀረው በስተቀር፣ በሕጉ ውስጥ ስለ ተመለከቱት ጉዳዮች ቀድሞ ይሠራበት የነበረው የተጻፈም ሆነ የልማድ ደንብ ሁሉ መሻሩን ይናገራል። ይህች አንዲት ቁጥር የብዙ ዘመን ልማድ ቀብራለች ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ቀባሪውም ቢሆን በከፊል ተቀብሯል። የ1952ቱ ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጎታል። የወንጀለኛ መቅጫውም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ተተክቷል። ስለዚህ ከመደርደሪያ ላይ አሮጌ የሕግ መጽሐፍ አውርዶ «ይኸው ተጽፎ አለ!» ማለት ብቻውን አይበቃም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ማንም በድንኳን ውስጥ የማያነሣቸው፣ ነገር ግን ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉና እስከ ዛሬ የሚሠሩ ሕጎች አሉ። እንግዳ ቢመስሉም እኛን በቀጥታ የሚነኩ ናቸው።

አንደኛው የቃል ኑዛዜ ነው። ሞት የቀረበው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ ሊናዘዝ ይችላል። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ኑዛዜ ማዘዝ የሚችለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የቀብሩን ሥነ ሥርዓት፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎችን፣ እንዲሁም አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቹ አሳዳሪ ወይም ሞግዚት መሰየምን። ልብ በሉ፣ 500 ብር! ሕጉ ሲወጣ ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቀን አስቤዛ እንኳ አይሸፍንም። በዚያ ላይ ተናዛዡ ድኖ ሦስት ወር ከቆየ የቃል ኑዛዜው ይፈርሳል። እንግዲህ «አባባ ሲያጣጥር ቤቱ ላንተ ነው ብሎኛል» ማለት፣ መቶ ሰው ቢመሰክርለትም፣ ቤት አያስወርስም።

ሁለተኛው የቀብር ወጪ ነው። በቁጥር 1014 መሠረት ከሟች ንብረት ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው። ሟች የተበደረው ገንዘብ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሣጥኑን ከኪሱ የገዛ ጎረቤት ወይም ዘመድ ይህን ሊያውቅ ይገባል። ይሁን እንጂ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሁለት ገደብ ያደርጋል፦ ወጪው ለሟች የኑሮ ደረጃ የሚመጥን መሆን አለበት፤ የተዝካርም ወጪ በዚህ ውስጥ አይቈጠርም። ለተዝካር በሬ ጥሎ «ከውርሱ ይተካልኛል» ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር ከወዲሁ ይወቀው።

ሦስተኛው የልጆች እኩልነት ነው። ኑዛዜ ከሌለ ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ወንድ ከሴት፣ በጋብቻ የተወለደ ከጋብቻ ውጪ ከተወለደ አይበልጥም። «ሴት ልጅ ከባሏ ታገኛለች» የሚለው አባባል አባባል ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንድ ሰው ፈቃዱ እንዲከበርለት ከፈለገ፣ ጤና ሳለ ይጻፍ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ፣ ይህም በጽሑፉ ላይ ተገልጾ፣ ቀን ተጽፎበት ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል። ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ተናዛዡ ራሱ በእጁ የጻፈው ኑዛዜም ይጸናል፤ ነገር ግን ኑዛዜ መሆኑ ተገልጾ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያስፈልገዋል፣ በሰባት ዓመት ውስጥም በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

የእኛ እድር ሰውን በክብር ይቀብራል፤ ሬሳው ከወጣ በኋላ ስለሚነሣው ጠብ ግን ደንባችን አንድም ቃል የለውም። ያንን ጠብ ማስቀረት የሚችለው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ እሱም በሕይወት ሳለ፣ በአንድ ወረቀትና በአራት ጎረቤት። አራት ጎረቤት ደግሞ በእድራችን ውስጥ አይጠፋም።