ዘይት የጠጣ አፈር በምን ይተነፍሳል?

ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ የተከራየነው ግቢ ድሮ ጋራዥ ነበር። የተቃጠለ ዘይት ሲደፋበት ኖሮ አፈሩ ጥቁር ሆኗል። ባክቴሪያ ዘይት ይበላል ብለውን ነበር እኮ፣ ታዲያ ይኼን ለምን አልበላውም?» ጥያቄው ስለጣመኝ መልሱን ለሁላችሁም ላድርገው። ትንሽ ይረዝማል።

መብላቱን ይበላል። የሚቸግረው ትንፋሽ ነው። ባክቴሪያው ዘይቱን ሲሰባብር የሚወጣውን ኤሌክትሮን የሚቀበለው ነገር ይፈልጋል። እኛ ለኦክስጅን እናስረክባለን። ዘይት በጠጣ ጭቃ ውስጥ ግን ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል።

አላስካ ላይ የታየው ይኼው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 «ኤክሶን ቫልዴዝ» የተባለችው መርከብ 40 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ነዳጅ ባሕር ላይ ስታፈስ፣ እዚያው ያሉት ባክቴሪያዎች እንዲበረቱ ዳርቻው ላይ ማዳበሪያ ተረጨ። ላዩ ላይ ረዳ። ከጠጠሩ ሥር የተቀበረው ዘይት ግን ከ20 ዓመት በኋላም አልጠፋም፤ ኦክስጅን እንደ ልብ አይደርስበትማ! ለታፈነ ሰው ምሳ ማቅረብ በሉት።

ኤሌክትሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ግን ከነዳጅ ጋር ምንም ጉዳይ ባልነበራቸው ሁለት ሰዎች ነው። የመጀመሪያው ሞስኮ ያስተምር የነበረው ፈርዲናንድ ሮይስ ነው። እርጥብ ሸክላ አፈር ላይ ሁለት የመስታወት ቱቦ ተክሎ ከባትሪ ጋር ሲያገናኛቸው፣ ውሃው በአፈሩ ውስጥ አልፎ በኔጌቲቩ በኩል ከፍ አለ። ይህን ያሳተመው በ1809 ነው። ዛሬ ውሃ በቀላሉ በማያሳልፍ አፈር ውስጥ ለባክቴሪያዎች የሚሆን ንጥረ ነገር በኤሌክትሪክ የሚገፋው በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ማይክል ፖተር ነው። በ1911፣ እርሾና ባክቴሪያ ስኳር ሲያብላሉ ኤሌክትሪክ እንደሚወጣ አሳየ። የሚወጣው ከአንድ ቮልት በታች ስለነበር ለረጅም ጊዜ ብዙም የቆጠረው አልነበረም።

ከዚያ በ1987 ዴሬክ ላቭሊ ከዋሽንግተን አጠገብ ካለው የፖቶማክ ወንዝ ደለል ውስጥ፣ በኦክስጅን ፋንታ ለዝገት ኤሌክትሮን የሚያስረክብ ባክቴሪያ ማግኘቱን አሳወቀ፤ ኋላ ጂኦባክተር ተባለ። በ1989፣ የአላስካው አደጋ በደረሰበት ዓመት ማለት ነው፣ ይኸው ፍጡር ነዳጅ ውስጥ ያለውን ቶሉይን እንደሚያፈርስ ታወቀ። በ2002 ደግሞ በዝገቱ ፋንታ የግራፋይት ኤሌክትሮድ ቢሰጠው ኤሌክትሮኑን ለእሱ እንደሚያስረክብ ታየ። ዘንጉ ከታች ከጭቃው ይቀበላል፣ በሽቦ ወደ ላይ ያሳልፋል፣ ላይ ኦክስጅን ይረከባል። ለባክቴሪያው አፍንጫ ተቀጠለለት ማለት ነው!

ብዙ ሰው አፈሩን በኤሌክትሪክ ማስደንገጥ ይመስለዋል። በዚህ ዘዴ ግን ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው አፈሩ ራሱ ነው፤ ጥቂት ቢሆንም። የሮይስ መንገድ ነው የመብራት ቆጣሪ የሚያስቆጥረው። ቀርፋፋነቱ ግን አይካድም፣ አንድ ዘንግ የሚያጸዳውም ዙሪያውን ብቻ ነው።

አንተ ልጅ፣ ለአንተ ግቢ ግራፋይት ፍለጋ አትሂድ። አፈሩን ቆፍረህ አገላብጠው፣ ኮምፖስት ቀላቅልበት፣ እርጥበቱን ጠብቅለት፤ አየር ካገኙ እዚያው ያሉት ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ይሠራሉ። የተቃጠለ ዘይት ግን እርሳስና ሌላ ብረትም ሊኖርበት ይችላል፤ እሱን በልቶ የሚያጠፋ ባክቴሪያ የለም። ስለዚህ አፈሩ ሳይመረመር ጎመን እንዳትተክልበት። ለጊዜው ከሌላ ቦታ አፈር አምጥተህ በርሜል ላይ ትከል።