ስለ ጎረቤት ወረዳዎች የግብር ድርሻ

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ በደንዲ ወረዳ የጊንጪን ከተማ ያገኛል። ከዚያም ወደ ሰሜን የሚገነጠለው መንገድ ወደ ጀልዱ ደጋ ያወጣል። ደንዲ በጥቁር አፈሩ ጤፍና ስንዴ ያበቅላል፤ ጀልዱ ድንች ያመርታል። የጀልዱ ገበሬ ድንቹን ጊንጪ አውርዶ ቢሸጥ የገበያው ቀረጥ ለጊንጪ ይሆናል፤ ልጁ የሚማርበት ቤት ግን ያለው በጀልዱ ነው። እንግዲህ አንዱ ካመረተው ሌላው ሲቀርጥ፥ ድርሻው በምን ይሰፈር? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም።

በጥንት ዘመን አገረ ገዢው ከግብሩ ለራሱና ለሠራዊቱ የሚበቃውን አስቀርቶ የተወሰነውን ወደ ቤተ መንግሥት ይልክ ነበር፤ ለጎረቤት አገር የሚተርፍ ድርሻ አልነበረም። በክፉው ቀን መጨረሻ፥ በ1884 ዓ.ም. ገደማ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ወታደር በገበሬ ቤት እየገባ እንዳያስጨንቅ ብለው ከእህሉ ከዐሥር አንዱ ለሠራዊቱ ቀለብ አሥራት ሆኖ እንዲሰበሰብ ደነገጉ።

ከጠላት ወረራ በኋላ፥ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ገዢዎች ደመወዝተኞች ሆኑ፤ ግብሩም ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይገባ ጀመር። በ1937 ዓ.ም. ዐዋጅም በሸዋና በሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ለአንድ ጋሻ ለም መሬት ከነአሥራቱ 50 ብር፥ ለለም ጠፍ 40፥ ለጠፍ 15 ብር እንዲከፈል ተወሰነ። በዚህም የገዢው እጅ ተሰበሰበ፤ ገንዘቡ ግን አንድ ጊዜ ወደ መካከል ከገባ የሚመለሰው በመካከሉ ፈቃድ ነበር።

በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ሲታወጅ ሌላ መንገድ ተያዘ። ከመሬት የሚሰበሰበው ይህ ገንዘብ በዚያው በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተባለ። ይህስ ከፋዩን ደስ ያሰኛል፤ የሰጠውን በዓይኑ ያየዋልና። ነገር ግን ለም መሬቱ የሰፋ ግዛት ብዙ ትምህርት ቤት ሊሠራ ሲችል፥ ጠፍ የበዛበት ወይም ከብት አርቢ የሚኖርበት ወደ ኋላ ይቀራል። ሕፃን ግን የሚወለድበትን አፈር አይመርጥም።

እንግዲህ ሁሉ ወደ መካከል ቢሄድ ከፋዩ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሁሉ በስፍራው ቢቀር ድኻው አገር ድኻ ሆኖ ይኖራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወስን አዘዘ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች ጥቅል ድጎማ እስከ ወረዳ ወረደ። ሲጀመር መስፈሪያው ሦስት ነበር፤ ይኸውም የሕዝብ ብዛት፥ የልማት ደረጃና ገቢ ለመሰብሰብ የተደረገ ጥረት ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ገበያ የሌለው ወረዳ እንዳይረሳ፥ ሦስተኛው ሰነፍ በጎረቤቱ ድካም እንዳይኖር ይጠብቃሉ።

እስራኤል በምድረ በዳ መና ሲለቅሙ አንዱ አብዝቶ ሌላው አሳንሶ ቢሰበስብም፥ ጎሞሩ ሁሉን አስተካከለ። ጎሞሩ ያስታረቀው ግን ሁሉ የሚያውቀው አንድ መስፈሪያ ስለ ነበረ ነው። የወረዳ ድርሻም እንዲሁ ነው፤ ቀመሩ ለገበሬው በገባው ቋንቋ ካልተነገረው፥ በትክክል የተሰፈረውም እንኳ በዐይኑ ፊት የጎደለ ይመስለዋል።